ከድጡ ወደ ማዕበሉ

በቤተሰባችን የባሕር ነገር ከተነሳ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በ1996 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ጓዜን ጠቅልዬ ከወረድኩ ወዲህ፣ ዋና ሳልችል፣ አንድ ዓሣ እንኳ ሳላጠምድ፣ ጀልባ የተሳፈርኩበት ቀን ከአንድ እጅ ጣት ሳይበልጥ፣ በዘመድ አዝማድ ዘንድ የባሕር ሊቅ ሆኜ ቀርቻለሁ። ልቅሶ ቤት የመርከብ መስጠም ወሬ ከመጣ «እሱ ይንገረን» ይባላል። አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ዓሣ ነባሪ ስንት ኩንታል እንደሚመዝን ጠይቀውኛል። ጣና ውስጥ ዓሣ ነባሪ የለም ብል ክብሬ የሚቀንስ ስለመሰለኝ «እንደ ዓሣ ነባሪው ነው» ብዬ አለፍኩት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዋቂ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው ማለታቸው ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

የእህቴ ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ያኔ የሚኖረው ዴንቨር ነበር። አገር ቤት «ባሕር ማዶ ሄደ» ይባልለታል እንጂ፣ ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ ያረፈው ባሕር የሚባል ነገር በሌለበት ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደረቅ ከተማ ናት። የዓመት ዝናቧ ቢጠራቀም 400 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያንን እኛ እዚህ በሐምሌ ብቻ እንጨርሰዋለን።

«ጋሼ፣ ተኝተው ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምን ተኝቼ፣ ማኅሌት ቆሜ ነበር» አልኩት። ሰዓቱን ረስቶት እንደሆነ እንዲገባው ብዬ ነው። አልገባውም።

«ሲያትል ሥራ አግኝቻለሁ። ደመወዙ ጥሩ ነው። የእኛ ሰውም ሞልቷል። ግን ሁሉም ያስፈራራኛል።»

«በምን?»

«በዝናብ።»

ተነስቼ ተቀመጥኩ። የቋሪት ልጅ ዝናብ ፈራ ማለት ዓሣ ጉንፋን ያዘው እንደማለት ነው። ይህ ሳያንስ ቀጠለና፣ «ሌላም ነገር አለ። ባሕር ካለበት ከገባሁ አይቀር ሰርፊንግ መማር እፈልጋለሁ» አለኝ። ምንድነው እሱ ስለው፣ ሰው ሳንቃ ይዞ ወደ ውቅያኖስ ይገባል፣ ማዕበል ሲመጣ ሳንቃው ላይ ቆሞ እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይመለሳል አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና ይገባል።»

«ምን ረስቶ?»

ዝም አለ። ቆይቶ ግን ዋናውን አመጣው። «ጋሼ፣ እርስዎ ከደጋ ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ የገቡ ሰው ነዎት። ዝናቡን እንዴት ቻሉት? ውሃው ላይስ ምን ምን ይደረጋል?» ሃያ ዓመት ሙሉ የበላሁት የሊቅነት እንጀራ ሒሳቡ የመጣው ያን ሌሊት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጥያቄ ሲሰማ ስለ ሲያትል ያስብ ይሆናል። እኔ ትዝ ያለኝ የገበዝ ማርያም ሰኔ ነው። እኛ አገር ዝናብ አንኳኩቶ የሚገባ እንግዳ አይደለም። ቤቱ የራሱ ነው፤ ሊጠይቀን የመጣነው እኛ ነን። ጠዋት ጉሙ ከአመዳሚት ተራራ በኩል ይወርድና አጥሩን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን አንድ ባንድ ይሰውራል። ከዚያ ካፊያው ይጀምራል። ካፊያ ማለት ያሰጣችሁትን ልብስ ለማንሳት የሚያስንቅ፣ ካላነሳችሁት ግን የሚያስቆጭ ነው። ቀጥሎ እኝኝ የሚለው ይመጣል፤ ይህ ሊጠይቅ የመጣን እንግዳ እራት አስበልቶ የሚያሳድር ዝናብ ነው። ዶፉን ሁሉም ያውቀዋል። ወጀቡ ግን ከላይ ወደ ታች መውረድ የሰለቸው ዝናብ ነው፤ በጎን ነው የሚመጣው። ለወጀብ ጃንጥላ መዘርጋት ለጥይት ነጠላ መዘርጋት ነው። እሱን የሚችለው ገሳ ብቻ ነበር። ከሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ጉልበት የሚለበሰውን ማለቴ ነው። እረኛ ገሳውን ለብሶ ሜዳ ላይ ሲቆም ከሩቅ ላየው የጠፋች ጎጆ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ የተጠበሰ ድንች እየላጠ ይበላል። ያን ድንች ዓመድ ሳያራግፉ መብላት ነው እንጂ፣ በኋላ ከተማ ገብተን በሳህን ያየነውስ ሌላ ፍጥረት ነው።

ከዝናቡ በኋላ ጭቃው አለ። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን ተረት የከተማ ሰው ለኑሮ ውድነት፣ ለመሥሪያ ቤት ቀጠሮ፣ ለሁለተኛ ትዳር ይተርተዋል። እኛ አገር ግን ተረት ሳይሆን የመንገድ መረጃ ነው። ድጥ ያንሸራትትሃል፣ ማጥ ይውጥሃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ ከላይ ድጥ፣ ከታች ማጥ ነበር። ተረቱን ያወጣው ሰው እዚያ ወድቆ መሆን አለበት።

ልጆች ግን ያንን መንገድ ይወዱታል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከብቱን ለአንድ ሞኝ አደራ ይሉና ቁልቁለቱ ላይ ይሰበሰባሉ። ከባሕር ዛፍ ግንድ የተላጠ ሰፊ ቅርፊት ይመረጣል፤ ከዝናብ በኋላ የውስጡ ልጥ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በኋላ ዘመን ሲሠለጥን ደግሞ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ተተካ። ተቀምጠህበት ትገፋለህ፣ ከዚያ በእግዚአብሔር ቸርነት ወንዙ ጋ ትደርሳለህ። ሁሉም ተቀምጦ ነበር የሚወርደው። ቆሞ የሚወርደው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እጁን እንደ ጭልፊት ክንፍ ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ። ስሙን አልናገርም፣ በኋላ ዴንቨር ገብቷል።

እህቴ ታች ወንዙ ዳር ልምጭ ይዛ ትጠብቀዋለች። ከአንገቱ እስከ ጥፍሩ ጥቁር ጭቃ ለብሶ ሲደርስ፣ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ሲስቅባት፣ ልምጩን ታነሳና መልሳ ታወርደዋለች። «ይኸን ሁሉ ጭቃ ማን ያጥብልህ?» ትለዋለች። በየዓመቱ፣ በየሳምንቱ፣ ቃሉ ሳይለወጥ። መልስ ኖሮት አያውቅም፣ የምታጥበው እሷ ነበረች።

እንግዲህ እኔም ከዚህ ሁሉ ውሃ ሸሽቼ ነበር ወደ ባሕር ዳር የወረድኩት። ሰው ከዝናብ ሲሸሽ ወደ ባሕር ይሄዳል ወይ ብትሉ፣ ጥፋቱ የፖስት ካርድ ነው። በፖስት ካርድ ላይ ባሕር ዳር መቼም ዘንቦባት አያውቅም። ዘንባባው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፏል፣ ጣና ሰማያዊ ነው፣ ሰው በሸሚዝ ነው። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተሳፍሬ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን ሳልፍ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ ሸኘኝ። ይብቃህ፣ አሁን ልንለያይ ነው አልኩት። አልተለያየንም፤ አብሮኝ ወረደ። ለካ እሱም ትኬት ቆርጦ ኖሯል።

ቤት ሲያከራዩኝ ሴትዮዋ «እዚህ ዝናቡ ያን ያህል አይደለም» ብለውኝ ነበር። አልዋሹም፤ ቤቱን ያየሁት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። በባሕር ዳር ክረምት ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሰው ታማልላለች፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ ማታና ሌሊት ይወርዳል። ቤት ተከራይ ጠዋት ነው የሚያየው፤ የሚኖርበት ማታ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቆርቆሮው በአምስት ቦታ አፈሰሰ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ የሽሮ ድስትና የጢም መላጫዬን ጣሳ ደረደርኩ። እያንዳንዱ ጠብ ሲልበት የራሱ ድምፅ ነበረው። አምስት ዕቃ፣ አምስት ድምፅ፤ የእኛ ቅኝት ደግሞ አምስት ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትዝታ ሲመታልኝ አደረ። ወር ሳይሞላ አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት የሠርግ ጫማዬ ፂም አበቀለ። አረንጓዴ ፂም።

ባጃጁም ዝናብ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። በፀሐይ «ይግቡ ጋሼ» የሚለው ልጅ፣ ሁለት ጠብታ ሲወርድ የላስቲክ መጋረጃውን ዘግቶ «ኮንትራት ነው» ይላል። አልፈርድበትም፣ ያው ሰውም ዝናብ ሲመጣ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ለልጁ በስልክ ብነግረው የእሱ ካርድ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ነገ ደውል ብዬ ዘጋሁና ሌሊቱን ስመራመር አደርኩ። ሊቅነት ዝም ብሎ አይጠበቅም። የሲያትልን ዝናብ አየሁ። ደግሜ አየሁ፣ አላመንኩም። ዓለም ሁሉ ዝናባም ብሎ ስሟን የሚያጠፋት ከተማ የዓመት ዝናቧ 1,000 ሚሊ ሜትር እንኳ የሚደርስ አይደለም። ባሕር ዳር 1,400 ገደማ ነው! ሐምሌያችን ብቻውን ከ400 በላይ ያወርዳል። የእነሱ ጁላይ ደግሞ 20 አይሞላም፤ በዚያ ወር ሲያትል ብራ ናት። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ አይደለም። ሲያትል ላይ በዓመት 150 ቀን ያህል ይዘንባል፣ ግን ያቺ እኝኝ የምትለው ናት፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሰማዩን እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ጎትታ የምትተኛ። የእኛው ደግሞ ቁጡ ነው፣ ይጮኻል፣ ይመታል፣ መብረቅ ይጥላል፣ ከዚያ ታርቆ ፀሐይ ያወጣል። ጎጃሜ ቁጡን ዝናብ ለምዷል። የሚያኮርፈውን ግን እንዴት ይችለዋል? ልጁን ያሳሰበው ይኼ መሆን ነበረበት።

በማግስቱ ሲደውል «ልጄ፣ ዝናብ ፍለጋ ወደዚያ አትሂድ፤ የለም። ኩርፊያ ከቻልክ ግን ግባ» አልኩት። ሳቀ። «ሰርፊንጉስ?» አለኝ።

የሰርፊንጉን ነገር እውነቱን ልናገር፣ ሌሊት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ የኢንተርኔት ጥቅሌን ጨርሼዋለሁ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ትዝ ይላችኋል፣ ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣበት፤ ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው በዚያው ነው። እኛ ሰለሞንን ገና ስንጠብቅ ወዲያ ማዶ ሰዎች ውሃ ላይ ቆመው ዳኛ ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። ሳየው ሳየው፣ ጉልበቱን ሸብረክ ማድረጉ፣ እጁን እንደ ጭልፊት መዘርጋቱ፣ ይህን ነገር የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ። ለካ የገበዝ ማርያም ቁልቁለት ነው። የጎደለው ልምጭ ብቻ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ጀልባ ነጂዎች ጎብኚ የሚወስዱት ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይታወካል። ለኔ ግን የሚያስፈልገኝ የታወከው ነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን ከውሃ ሊያወጣ ሲል ደረስኩበት። ታንኳው ላይ እንዲያሳፍረኝ ስለምነው «ወዴት?» አለኝ። ወዴትም አይደለም፣ ትንሽ ገብቶ መመለስ ነው አልኩት። እኔ የእህቴን ልጅ ያየሁበት ዓይን ይኸው ነበር፤ አሁን ወደኔ ዞረ።

ታንኳን በሥዕል ያየ ሰው የሚያውቀው አይምሰለው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ያለ። ደንገሉ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ያንሳፍፋል፣ ግን ይጠጣል። ማታ ማታ አውጥተው በቁሙ አስደግፈው ካላደረቁት ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዕድሜው የወራት ነው። ስቀመጥበት ውሃው ከሥር ቀስ ብሎ መጣ፣ ሱሪዬን ሰላም አለው። አስጋሪው ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ይዞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየቀዘፈ ከዳር ሃያ እርምጃ ያህል አስገባኝ። ማዕበሉ መጣ። ማዕበል ስል ጉልበት የሚደርስ ነው፣ ግን አንዱ ሌላውን ተከትሎ ሾጠጥ ሾጠጥ እያለ ይመጣል። አሁን ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ አይነሱ!»

ጉልበቴን ሸብረክ አደረግኩ። እጄን ዘረጋሁ። ጭልፊት ነበርኩ፤ ለሁለት ሰኮንድ። ከዚያ ታንኳው ወደ ሰሜን፣ እኔ ወደ ደቡብ ሄድን። ስወጣ ውሃው ወገቤ ድረስ ብቻ ነበር፣ ይህ ደግሞ ከመስጠም ይበልጥ ያሳፍራል። አስጋሪው ዘንጉን ዘረጋልኝና በጣም በእርጋታ እንዲህ አለኝ፦ «ታንኳ ተቀምጠው ነው የሚሄዱበት። መቆም ለቤተ ክርስቲያን ነው።»

ዳር ወጥተን ልብሴ እስኪጠፈጠፍ ስንጫወት፣ ክብሬን ትንሽ ለመመለስ ቶር ሄየርዳል ስለሚባለው ኖርዌያዊ ነገርኩት። ሰውዬው በ1969 እ.ኤ.አ. በደንገል ጀልባ አትላንቲክን እሻገራለሁ ብሎ ተነሳ፤ የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ሊያሳይ ነው። ደንገሉን ግን ከግብፅ አላገኘም። ያስጫነው ከዚህ ከጣና ነው። ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነስቶ ገባ።

«ታዲያ ደረሰ?» አለኝ አስጋሪው።

«የመጀመሪያው ‹ራ› የሚሉት ጀልባ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተበታተነ፤ ሰዎቹን መርከብ አነሳቸው።»

«ማን ነበር የሠራው?»

«ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች።»

ራሱን ነቀነቀ። «በእኛ ደንገል፣ በሰው እጅ» አለ።

«በዓመቱ ግን ሁለተኛ ሠራ፤ 57 ቀን ተጉዞ ባርባዶስ ገባ።»

ፊቱ በራ። «እሱንስ?»

እዚህ ላይ ባልዋሽ ይሻለኝ ነበር ወይስ ብዋሽ፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። «ከደቡብ አሜሪካ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራ የሚባሉ ሰዎች» አልኩት። ዝም ብሎ ታንኳውን አቁሞ ማድረቅ ጀመረ። የጣና አስጋሪዎች ያደጉበት ሐይቅ ደንገል ውቅያኖስ ሲያቋርጥ፣ ያሰረው የሌላ ሰው እጅ መሆኑ እኔንም ከነከነኝ።

ይብስ የሚገርመው ግን ፔሩ ነው። ሁዋንቻኮ በምትባል የባሕር ዳርቻ ላይ አስጋሪዎች ዛሬም ከሸምበቆ መሰል ተክል የታሰረች፣ ፊቷ ወደ ላይ የቀናች ጠባብ ጀልባ አለቻቸው፤ «ትንሿ ፈረስ» ነው የሚሏት። ጠዋት ዓሣቸውን ያጠምዱና ሲመለሱ ማዕበሉን ጋልበው ዳር ይወጣሉ። ይህን ለሺህ ዓመታት ሲያደርጉ ኖረዋል፤ የሰርፊንግ አባት እኛ ነን ብለው ከሃዋይ ሰዎች ጋር የሚከራከሩትም በዚህ ነው። ይህን ሳነብ ለልጁ «ምን ረስቶ?» ያልኩት ጥያቄ መልስ አገኘ። ለእነሱ ሰርፊንግ ሥራ ጨርሶ ወደ ቤት መመለሻ ነው። ባጃጅ ነው፤ ያውም ዝናብ ሲመጣ ኮንትራት የማይል።

እንግዲህ ሳንቃው አለን፣ ወገባችን አለን፣ ድጥ ላይ ያደገ እግር አለን። የጎደለን ምንድነው? ማዕበሉ። ማዕበልን የሚሠራው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ እንደ ገበሬ ሰፊ አውድማ ይፈልጋል። ውሃው ላይ ረጅም መንገድ በሮጠ ቁጥር ማዕበሉ ይተልቃል። ፓስፊክ ላይ የተነሳ ነፋስ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አለው፤ ያነሳው ማዕበል ቀናትን ተጉዞ፣ ተሰልፎ፣ ረጋ ብሎ፣ እንደ ደህና ቀሳውስት ማኅሌት አንዱ ሲወርድ ሌላው እየተነሳ ነው ዳር የሚደርሰው። ጣና ቢበዛ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ርዝመቱ፤ ጥልቀቱም 15 ሜትር አይዘልቅም። ነፋሱ ገና ሊሯሯጥ ሲል ባሕር ዳር ይደርሳል። የኛ ማዕበል ያልበሰለ ማዕበል ነው። ለመረበሽ በቂ ነው፣ ለመሸከም ግን አይበቃም። በነገራችን ላይ ይህን ያወቅሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው፤ እውቀቴ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው።

ልጁ በሦስተኛው ጊዜ ሲደውል እንግዲህ እንደ እውነተኛ ሊቅ ነበር ያናገርኩት። «መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ። ሲያትል የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት ሲሉህ እንደኛዋ ባሕር ዳር ነው። የተቀመጠችው ፒውጀት ሳውንድ በሚባል ውሃ ላይ ነው፤ መሬት ጋርዶታል፣ ማዕበል አይገባውም። ሰርፊንግ ካልክ ወደ ፓስፊክ ዳር፣ ዌስትፖርት ወደሚባለው ትነዳለህ። ከ200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው።»

«ውይ ጋሼ!»

«ምን ውይ አለ? ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር እንደመምጣት ነው፤ ትንሽ ይበልጣል። እኛ ለአንድ ፊርማ እንመጣው የለ?»

ቀጠልኩ። ጎጃሜ ውሃው ይገድለኛል ብሎ የሚፈራው ሰምጦ ነው፣ እዚያ ግን የሚገድለው ብርዱ ነው። በእነሱ ክረምት ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጣና እኮ ቢበርድ ቢበርድ ከ20 ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያጣብቅ ወፍራም ጥቁር የላስቲክ ልብስ ይለበሳል። ዋና ሳትማር እንዳትገባ። ብቻህንም እንዳትገባ፤ ከብቱን አደራ የምትለው ሞኝ እንኳ ዳር ላይ ይቁምልህ። ደግሞ ከተማ አጠገብ ባለ ባሕር ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሦስት ቀን ያህል ውሃ ውስጥ አለመግባት ነው። የካሊፎርኒያ የጤና ሰዎች 72 ሰዓት ቆዩ ይላሉ፤ ጎርፉ የመንገዱን ቆሻሻ፣ የቦዩን እጣቢ ሁሉ ጠርጎ የሚያወርደው ወደ ባሕሩ ነው። ይህን ለማወቅ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ዶፍ በወረደ ማግስት የሐይቁን ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የላስቲክ ጠርሙሱ፣ የጠፋ ነጠላ ጫማው፣ የበቆሎ ቆረቆንዳው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ማዕበል ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት?» አለኝ ልጁ በእውነተኛ አክብሮት።

«ሃያ ዓመት ባሕር ዳር ላይ ኖሬ ነው» አልኩት። አልዋሸሁም።

ሲያትል ገባ። መስከረም ላይ ዝናቡ ጀመረ ብሎ ደወለ፤ ጥቅምት ላይ አላባራም ብሎ ደወለ፤ ኅዳር ላይ ስለ ዝናቡ መናገር ተወ፤ ያኔ ለመደ ማለት ነው። ከዚያ ጥር አካባቢ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። እኔ ደግሞ ለአስተርዮ ማርያም ወደ ገበዝ ማርያም ስወጣ ስልኬ ላይ ይዤው ሄድኩ።

እህቴ ቡና አፍልታ ነበር። መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ያዘችው። በቪዲዮው ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ካፊያ አለ፣ ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየተፋ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው ተነሳ፤ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ እጁን ዘረጋ፣ ወርዶ ወርዶ ዳር ደረሰና ወደ ካሜራው እየሳቀ መጣ። ያ የላስቲክ ልብስ ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥቁር አድርጎታል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው።

ደስ ይላታል፣ ወይም ትደነግጣለች ብዬ ፊቷን ሳይ፣ ስኒውን አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«እሰይ!» አለች። «አሜሪካም ገብቶ ጭቃ አገኘ? ይኸን ሁሉ አሁን ማን ያጥብለት?»